«እሺ» ተብሎ የተወሰደ ሥራ ለምን ተበላሽቶ ይመለሳል? ለአዲስ የቡድን መሪዎች

ሰንጋተራ 4ኛ ፎቅ (ርዕሱን የከፈተ)
ሰኞ ጠዋት 2:10

ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር፣ ከቸርችል እስከ ካሳንቺስ ባሉት ቢሮዎች የቡድን መሪ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ከሁሉ አሳምሮ የሚሠራው ሰው ነው። ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ የሒሳብ ቡድን መሪ ይሆናል፤ ፈጣን የግዥ ባለሙያ የግዥ ቡድን ይሰጠዋል። የሹመት ደብዳቤው ይደርሰዋል፣ ጠረጴዛው ይቀየርለታል፤ ሥራ እንዴት እንደሚሰጥ ግን ማንም አያሳየውም። ስለዚህ ወይ ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል፣ ወይ «ይህን ጨርሱልኝ» ብሎ ይበትነዋል። በሁለቱም መንገድ ወሩ ሲያልቅ ማታ 2 ሰዓት ቢሮ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ገና ሲሰጥ ነው።

«ያንን የባንክ ነገር ቶሎ ጨርሺው» የሚለውን ትእዛዝ ተመልከቱ። የባንክ ነገር የተባለው ማስታረቂያው (የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩ) ነው? የቼክ መዝገቡ ነው? ወይስ ለባንኩ የሚጻፈው ደብዳቤ? «ቶሎ» ማለትስ ለዛሬ ነው ለሐሙስ? ተናጋሪው ጭንቅላት ውስጥ ሁሉም ግልጽ ነው። የሰማችው ሠራተኛ ጋ የደረሰው ግን አምስት ቃል ብቻ ነው።

ሥራ ሲሰጥ አምስት ነገር መነገር አለበት፦ ምን እንደሚሠራ፣ ሲያልቅ ምን መስሎ እንደሚቀርብ፣ ለመቼ እንደሚደርስ፣ ሠራተኛዋ ሳትጠይቅ እስከ የት መወሰን እንደምትችል፣ መሀል ላይ መቼ እንደምትተያዩ። ያ ትእዛዝ በዚህ መንገድ ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦

«የጥቅምትን የባንክ ማስታረቂያ ሥሪልኝ። በኤክሴል፣ አንድ ገጽ፤ ያልተመነዘሩት ቼኮች ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው ከታች ይዘርዘሩ። ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ይድረሰኝ። የባንክ አገልግሎት ክፍያ የሆነውን ልዩነት ራስሽ መዝግቢው፤ ከ1,000 ብር በላይ የሆነና ምንጩ ያልታወቀ ልዩነት ካገኘሽ ግን ሐሙስን ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ንገሪኝ። ረቡዕ 5 ሰዓት ላይ የደረስሽበትን አምስት ደቂቃ አብረን እናየዋለን።»

ይህን ተናግሮ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከአምስቱ በብዛት የሚዘለለው አራተኛው ነው። ወሰኑ ካልተነገራት ወይ ለ35 ብር ልዩነት ሳይቀር እየተመላለሰች ትጠይቃለች፣ ወይ 40,000 ብር ጎድሎ እያየች እስከ ሐሙስ ዝም ትላለች። ሁለቱም የእሷ ጥፋት አይደሉም። አምስተኛውን የዘለለ ሰው ደግሞ ስህተቱን ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ሰዓት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕ 5 ሰዓት ላይ ቢያየው ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ይተርፈው ነበር።

አሁን ወደ «እሺ» ልመለስ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን ነው ያደግነው። አለቃ ሲናገር የሚወጣው እሺ አክብሮት ነው፤ መረዳትን አያሳይም፣ መቻልንም አያሳይም። «ገብቶሻል?» ብሎ መጨመር አይጠቅምም፤ «አልገባኝም» ማለት ስለሚከብድ መልሱ ያው «አዎ፣ እሺ» ነው። የሚጠቅመው ጥያቄውን ወደ ራስ ማዞር ነው፦ «ሳልናገረው የቀረ ነገር እንዳይኖር፣ ከምን እንደምትጀምሪ ንገሪኝ።» ጉድለቱ የተናጋሪው ተደርጎ ስለቀረበ ሰው ሳይሸማቀቅ ይመልሳል። «መጀመሪያ የመስከረሙን የመዝጊያ ሚዛን አወጣለሁ» ካለች ገብቷታል። «ፋይሉን እከፍታለሁ» ካለች ደግሞ ገና ነው፤ ሁለት ደቂቃ ጨምሩላት።

ሁለት ነገር እንድትጨምሩበት እፈልጋለሁ። የዕለት ክትትሉ ሰውን ሳያጨናንቅ እንዴት ይደረግ? በዕድሜ ለሚበልጥ ሠራተኛስ ሥራ እንዴት ይሰጣል፣ እንዴት ይታረማል?

ቃለ ጉባኤ
ሰኞ ጠዋት 4:25

ወንድሜ ሰንጋተራ፣ ስለ ውሳኔ ወሰን የጻፍከው ብዙ ቢሮ የጎደለው ነገር ነው። ለክትትሉ የሚሆነው የጠዋት የ15 ደቂቃ ስብሰባ ነው። ብዙ ቡድን ይጀምረውና በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ የሚተውበትም ምክንያት አንድ ዓይነት ነው።

ሰዓቱን 2:30 አታድርጉት። መግቢያው 2:30 ቢሆንም በክረምት ዝናብ የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። በየቀኑ ሁለት ሰው እየጎደለው የሚጀመር ስብሰባ ማርፈድን ያስለምዳል። 2:45 ይጀመር፣ 3:00 ይበተን። 2:45 ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቢኖርም ይጀመራል፤ ላረፈደ ሰው የተባለው አይደገምም። ከተደገመለት የተቀጡት በሰዓቱ የመጡት ናቸው።

በቁም ይሁን። ከተቀመጣችሁ ማኪያቶ ይታዘዛል፣ ማኪያቶ ከመጣ 40 ደቂቃ ያልፋል።

ጥያቄው ሦስት ነው፦ ትናንት ምን አለቀ? ዛሬ ምን ያልቃል? ምን አቆመህ? «ዛሬ ምን ትሠራለህ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ አንድም ያላለቀለት ሰው ለዚህ ሁልጊዜ ጥሩ መልስ አለው።

«ሂደት ላይ ነው»፣ «እያየነው ነው»፣ «ተነጋግረንበታል» የሚሉትን መልሶች አትቀበሉ። ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ ማን ጋ ነው ያለው? የሚፈለገው ይህ ነው። «የጄኔሬተሩ ጥገና ሂደት ላይ ነው» ከሚል ሠራተኛ ምንም አይገኝም። «ሦስት ፕሮፎርማ ገብቷል፣ የዋጋ ማወዳደሪያው ተሠርቷል፣ የሒሳብ ኃላፊው ፊርማ ቀርቷል፤ ከዓርብ ጀምሮ ወረቀቱ እሳቸው ጋ ነው» ሲል ግን ቀጥሎ ማን መሄድ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል።

ትልቁ ብልሽት ሁሉም ፊቱን ወደ አለቃ አዙሮ ሪፖርት ማቅረብ ሲጀምር ነው። ሰው ያኔ ችግር መናገር ያቆማል። ስብሰባውን በየሳምንቱ ሌላ ሰው ይምራው፤ የቡድን መሪው ከጎን ቆሞ እንደማንም ሦስቱን ጥያቄ ይመልስ።

እናት ፋይል
ሰኞ 7:50

በዕድሜ ስለሚበልጡ ሠራተኞች ልጻፍ፤ ወጣት መሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና።

የ27 ዓመት የቡድን መሪ ለ52 ዓመት ሰው «እርስዎ» ቢል ሥልጣኑ አይቀንስም። «ጋሽ» ወይም «እትዬ» ማለት በቢሮው የተለመደ ከሆነ ይቀጥል። ሹመት በመጣ ማግስት ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ለወራት የማይጠገን ቁስል ነው። አክብሮቱን ግን ከሥራው ዝርዝር ጋር አታምታቱት። ብዙ ወጣት መሪ አፍሮ «እንግዲህ እርስዎ ያውቁታል» ብሎ አምስቱንም ነጥብ ይዘላል፤ ከዚያ ሥራው ሲዘገይ በሆዱ ይቀየማል። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሽ፣ ይህ መዝገብ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ለማክሰኞ 5 ሰዓት ያስፈልገኛል፤ በየትኛው ቅደም ተከተል ቢሠራ ይሻላል ይላሉ?» ቀኑ ተነግሯል፣ አሠራሩ ለእሳቸው ተትቷል። መልሳቸው ደግሞ ሰንጋተራ ያለው «ከምን ትጀምሪያለሽ» ነው፤ ሳያስፈትናቸው ተገኘ።

እርማት ላይ የእኛ ቋንቋ ያታልለናል። ነገርን በሰምና በወርቅ መናገር ስለምንወድ በስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች ሰዓት እያከበሩ አይደለም» እንላለን። የተባለለት ሰው ሰሙን ሰምቶ ይወጣል፤ በሰዓቱ የምትገባው ልጅ ግን «እኔን ይሆን?» እያለች ስትብሰለሰል ትውላለች። ስለዚህ እርማት ለብቻ፣ በ2 ቀን ውስጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ይዞ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሆነው («ሐሙስና ዓርብ 3:10 ላይ ነው የገቡት»)፣ ያስከተለው («ከ2:30 ጀምሮ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር»)፣ ጥያቄ («ምን ገጥሞዎት ነው?»)፣ ስምምነት («ከሰኞ ጀምሮ ምን እናድርግ?»)። ሦስተኛውን አትዝለሉት። የልጅ ማመላለሻ ይሆናል፣ ሕክምና ይሆናል፤ መስኮቱን ለ40 ደቂቃ የሚይዝ ሰው በመቀያየር የሚፈታ ነገር በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይፈታም።

ምስጋናም ዝርዝር ይፈልጋል። «ጎበዝ» ያስደስታል እንጂ አያስተምርም። «ደብዳቤው ላይ የውሉን ቁጥር ስለጠቀስሽበት ባንኩ ሳይመልሰው ተቀበለው» የተባለች ልጅ ግን ቀጣዩም ላይ ትጠቅሳለች።

የካሳንቺሷ
ሰኞ ማታ 1:15

ቃለ ጉባኤ፣ 15 ደቂቃው ለ6 ወይም ለ8 ሰው ጥሩ ነው። ለ3 ሰው ቡድን ግን በየቀኑ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ይበቃል። አራት ዓምድ፦ የሚሠራ፣ በእጅ ያለ፣ የቆመ፣ ያለቀ። እያንዳንዱ ሥራ በአንዲት ትንሽ ወረቀት፣ የሠራተኛው ስምና የማስረከቢያ ቀን ያለበት።

ሰሌዳው ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር ሁለት ደንብ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ በአንድ ሰው ስም «በእጅ ያለ» ውስጥ ከ2 ወረቀት በላይ አይቀመጥም። ሦስተኛ የመጣ እንደሆነ ከሁለቱ አንዱ ወይ ያልቃል ወይ ወደኋላ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ «የቆመ» ውስጥ የገባ ወረቀት ላይ ማን ዘንድ እንደቆመና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍበታል። በዚያ ዓምድ 3 ቀን ያለፈው ወረቀት የሠራተኛው ሥራ መሆኑ ያበቃል፤ በእግሩ ሄዶ ማስፈታት የቡድን መሪው ድርሻ ነው። መሪነት የሚታየው እዚያ ዓምድ ላይ ይመስለኛል።

ሚዛን
ማክሰኞ ጠዋት 3:40

ማታ 2 ሰዓት ቢሮ ስለሚገኘው ሰው የተጻፈው ላይ ሕጉን ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የሚፈቀደውም ሁሌ አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ የማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛ ሲተካ ነው።

ክፍያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው። 4 ሰው በቀን 3 ሰዓት ብታስመሹ 12 ሰዓት ሠርተው የ18 ሰዓት ይከፈላቸዋል። በዚያ ላይ በሳምንት ከ4 ቀን በላይ ማስመሸት አትችሉም፤ 12 ሰዓቱ ያልቃል።

ሁለት ማሳሰቢያ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቪል ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። በአዋጁ «የሥራ መሪ» የሚባለው ደግሞ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ነገር ግን «የቡድን መሪ» የሚል መጠሪያ ስላለው ብቻ ሰው የሥራ መሪ አይሆንም፤ የሚታየው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት፣ እርምጃ የመውሰድ የመሳሰሉት ሥልጣን መኖሩ ነው።

አዲስ ተቀጣሪ ያላችሁ ደግሞ የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን መሆኑን አትርሱ። በ58ኛው ቀን ተሯሩጦ ቅጽ መሙላት ለሁለቱም ወገን በደል ነው። በ20ኛውና በ40ኛው ቀን ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ምን ይችላል፣ ምን ይቀረዋል፣ ማን ያሳየዋል። ሠራተኛውም አንብቦ ይፈርምበት።

ገቢ ቁጥር
ማክሰኞ 8:20

ከአምስቱ ነጥቦች «ለመቼ» የሚለው እኛ ጋ ከሌላው አገር የበለጠ አደጋ አለው፤ ሁለት ሰዓትና ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዘን ነው የምንሠራው።

ከናይሮቢ «3:00 ፒኤም» የሚል የስብሰባ ጥሪ መጣ እንበል። የሰዓት ቀጠናችን አንድ ስለሆነ ልዩነት የለንም፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። «3:00» ብቻ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን ግማሹ ቡድን ጠዋት 3 ሰዓት ተሰብስቦ ይጠብቃል። መፍትሔው ሰዓትን ሁልጊዜ በሁለት መንገድ መጻፍ ነው፦ «ከቀኑ 9 ሰዓት (በፈረንጅ 3:00)»።

ቀን የባሰ ነው። 10/02/2018 ብላችሁ ውል ላይ ብትጽፉ ለእኛ ጥቅምት 10 ነው፤ ውጭ ያለው ሰው ግን ዓመታት ያለፈው ቀን አድርጎ ያነበዋል። ወሩን በፊደል፣ ዘመኑን ለይቶ መጻፍ ነው፦ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025)። ለመለወጥ በጣት አትቁጠሩ። መስከረም 1 በብዛት ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን 12 ላይ ስለሚውል እስከ የካቲት 21 ድረስ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአንድ ይገፋሉ።

ሌላው የደብዳቤ ነገር። ተላላኪ ስትልኩ መንገዱን በቅደም ተከተል ስጡት፦ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ በቸርችል ወርዶ ሰንጋተራ፣ ከዚያ ሜክሲኮ። እየወረደ ይጨርሳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምሳ ከ6:30 እስከ 7:30፣ ዓርብ ደግሞ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ዓርብ 5:15 ፒያሳ የደረሰ ደብዳቤ ገቢ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ነው። ተላላኪው ሲመለስ «ሰጥቻለሁ» ማለቱ አይበቃም፤ ግልባጩ ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ይኑር። ሰውየው «አልደረሰኝም» ያለ ቀን ያላችሁ ማስረጃ ያ ቁጥር ብቻ ነው።

አምስቱ ማ
ማክሰኞ ማታ 2:05

ካይዘን የተባለውን፣ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ለማስፋፋት የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ማዎች» በየፋብሪካው ተለጥፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ቢሮ ግን ለመጋዘን ብቻ አድርጎ ተዋቸው። ዛሬ መጣራት ያለበት የጋራ ኮምፒውተር ፎልደር ነው። «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ»፣ «ሪፖርት እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች አጠገብ ለአጠገብ ካሉ፣ ከሦስቱ የተሳሳተው አንድ ቀን ለቦርድ ይቀርባል።

ለስም አንድ ደንብ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ጉዳይ፣ እትም። «2018-02-10 ባንክ ማስታረቂያ እ2»። ወሩ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ፣ ከ01 መስከረም እስከ 13 ጳጉሜን፤ እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። «የመጨረሻ» የሚል ቃል በፋይል ስም ውስጥ አይገባም። የተፈረመበት ብቻ «ጸድቋል» ይባልና ለብቻው ፎልደር ይገባል።

አንድ ወጥመድ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሐምሌ 2017 ወረቀት የ2018 በጀት ነው። ፎልደሩን «2018» ብቻ ብትሉት ሐምሌን ከሁለቱ የትኛው ውስጥ እንደሚያስገባው ሰው በየዓመቱ ይጨቃጨቃል። «2018 በጀት ዓመት» በሉት።

ለማጣራቱ ዓርብ ከሰዓት 30 ደቂቃ ያዙ። 6 ወር ያልተከፈተ ፋይል ወደ «ማቆያ» ይገባል፤ ለ3 ወር ማንም ካልፈለገው ወደ መዝገብ ይሄዳል። አታጥፉት፤ ኦዲተር ይጠይቃል።

አዲስ ተቀጣሪ
ረቡዕ ጠዋት 2:50

በጣም ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ሁላችሁም ከመሪው ወገን ነው የጻፋችሁት። አለቃው «ያንን ነገር ቶሎ» ብሎ ለሄደበት ሠራተኛ ምን ትሉታላችሁ? በእጁ ሥራ እያለ ሌላ ሲጨመርበትስ?

ሰንጋተራ 4ኛ ፎቅ
ረቡዕ 5:30

ጥያቄህ ተገቢ ነው። አምስቱን ነጥብ አንተ ጻፋቸውና በ10 ደቂቃ ውስጥ መልሰህ ላክለት፦ «እንደተረዳሁት የጥቅምትን ማስታረቂያ፣ በአንድ ገጽ፣ ለሐሙስ 9 ሰዓት። ከ1,000 ብር በላይ ልዩነት ካለ እነግርዎታለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» አለቃው ሁለት ቃል ለማረም አይሰንፍም። ዝም ቢልም ጽሑፉ በእጅህ አለ። ጥያቄ ደርድሮ መሄድ («በምን ላቅርበው? ለመቼ? ስንት ገጽ?») ግን በብዙ አለቃ ዘንድ ስንፍና ይመስላል፤ ግምትህን ጽፈህ እንዲያርመው ማድረግ ይቀላል።

ሥራ ሲደራረብ «አልችልም» አትበል፣ «እሺ» ብለህም አትሂድ። በእጅህ ያለውን ከነቀኑ አሳየው፦ «ዛሬ የደመወዝ መዝገቡና የኦዲት መልሱ አሉ። ይህን ዛሬ ከሠራሁ የኦዲቱ መልስ ወደ ዓርብ ይዞራል። ይዙር?» ምርጫው የእሱ ሆነ፤ ዓርብ ሲመጣ «ለምን ዘገየ» የሚል ጥያቄ አይነሳም። ይህ የሚሠራው ግን የእያንዳንዱ ሥራ ቀን በቃልህ ወይም በደብተርህ ካለ ነው። «ብዙ ሥራ አለብኝ» ብቻ ከሆነ ማንም አያምንህም።

የካሳንቺሷ
ረቡዕ 9:10

ሌላው ጊዜ የሚበላው «ሲስተም የለም» ነው። ኔትወርክ ወይም መብራት ሲሄድ ቢሮው ሁሉ ኮሪደር ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ 5 ሥራ በወረቀት ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጥ፦ የታተመ ረቂቅ ማረም፣ ፋይል መጠረዝ፣ ዘግይቶ ለቀረ ክፍያ ስልክ መደወል፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ መጻፍ። ዝርዝሩ ኮምፒውተር ውስጥ ከሆነ ጥቅም የለውም። ከባዱን፣ ሐሳብ የሚጠይቀውን ሥራ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሰዓት አድርጉትና ስልኩን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጉት።

ቃለ ጉባኤ
ረቡዕ ማታ 1:40

ስለ ቴሌግራም ግሩፕ ሳልናገር አላልፍም። ግሩፕ ለማሳወቂያ ነው፤ ሥራ አይሰጥበትም። «አንዳችሁ ይህን እዩት» ብላችሁ ለ9 ሰው ከለጠፋችሁ 9 አውራ ጣት ይመጣል፣ የሚያየው ግን የለም፤ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ አልፎታል። አንድ ሥራ ለአንድ ስም። ሁለት ሰው አብሮ ቢሠራውም የሚጠየቀው አንዱ ነው።

እርማት በግሩፕ ፈጽሞ አይደረግም። ማታ 4 ሰዓት ላይ የመጣላችሁን ሐሳብ ደግሞ ጻፉትና ለጠዋት 2:30 እንዲሄድ ሰዓት ሙሉለት፤ ቴሌግራም ይህን ያደርጋል። አለቃ ማታ የላከውን መልእክት «ነገ ብትመልሱም ይደርሳል» ብሎ ቢጽፍበት እንኳ የሚተኛ ሠራተኛ የለም።

እናት ፋይል
ሐሙስ ጠዋት 4:00

ሰው ማሳደግ ያልተነሳ ቀረ። አንድ ወረቀት ውሰዱ። በግራ በኩል የቡድኑን ሥራዎች ከላይ ወደ ታች ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ይሆናሉ። በላይ በኩል የሰዎቹን ስም። በየሳጥኑ ቁጥር፦ 0 አያውቀውም፣ 1 እየታየ ይሠራል፣ 2 ብቻውን ይሠራል፣ 3 ሌላ ሰው ያስተምራል። ሲያልቅ በአግድም አንብቡት። አንድ 2 ወይም 3 ብቻ ያለበት መስመር አደጋችሁ ነው፤ ያ ሰው የታመመ ቀን ሥራው ይቆማል። አዋጁ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ሰውየው ለዓመታት ፈቃድ ሳይወጣ የቀረው ታታሪ ስለሆነ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ተተኪ አጥቶም ይሆናል።

በየሩብ ዓመቱ ሁለት መስመር ብቻ ምረጡ። ሁሉን በአንዴ ለማስተማር መነሳት አንዱንም ሳያስጨርስ ይቀራል። መንገዱ አራት ደረጃ ነው፦ እየሠራህ ታያለች፣ አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ እየሠራች ታያለህ፣ ብቻዋን ትሠራለች። ሦስተኛው ላይ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ። የሠለጠነ ሰው የሚያየው ስህተት ያሳክከዋል፣ ፈጥኖ ይነጥቃል፤ እሷም የምትማረው ማስረከብን ብቻ ይሆናል። ደጋግማ የተሳሳተችውን ሠራተኛ፣ ሥራውን ለሚቀጥለው ሰው በጽሑፍ እንድታዘጋጅ አድርጓት፤ ደረጃ በደረጃ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ። መጻፍ ያቃታት ቦታ ያልገባት ቦታ ነው።

ለራሳችሁ ደግሞ አንድ ደብተር። የወሰናችሁትን ነገር ቀኑን፣ ምክንያቱን፣ ይሆናል ብላችሁ የጠበቃችሁትን ሦስት መስመር ጻፉና ከ90 ቀን በኋላ ክፈቱት። ያለዚያ ትዝታ ሁልጊዜ ለባለቤቱ ያደላል።

አዲስ ተቀጣሪ
ሐሙስ 8:45

ጋሽ ሰንጋተራ፣ አምስቱን ነጥብ በወረቀት አድርገን ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠውስ? መጠኑ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል?

ሰንጋተራ 4ኛ ፎቅ
ሐሙስ 10:20

ኤፎር ወረቀት አራት ቦታ ቁረጠው፤ ከዚያ ከበለጠ ሰው አይሞላውም። ከላይ ሥራው የተሰጠበት ቀንና የሚሠራው ሰው ስም፣ ከሥር አምስት መስመር፦

ሥራው፦
ሲያልቅ የሚመስለው፦
የሚደርስበት ቀንና ሰዓት፦
ሳልጠይቅ የምወስነው እስከ፦
መሀል የምንተያየው፦

የሚሞላው ሥራውን የተቀበለው ሰው ይሁን፤ የሰጠው ሰው አንብቦ ይፈርማል። አለቃው ከሞላው እንደገና ወደ «እሺ» ትመለሳላችሁ። ከ20 ደቂቃ በታች ለሚያልቅ ሥራ አትጠቀሙበት። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱን አትጣለው፤ ከጀርባው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፍበትና ሰብስበው። ሰኔ ላይ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲጠየቅ፣ ማስታረቂያ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከዚያ ታገኘዋለህ።